የዲቴክተር ኮይል ሲበላሽ፦ ከስፒናው እስከ ጥምጥሙ

የፍለጋ ኮይል በብረት መፈለጊያ መሣሪያ (ዲቴክተር) ዘንግ ጫፍ ላይ የሚገጠም፣ መሬቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ክብ ወይም ሞላላ የፕላስቲክ ሳህን ነው። በውስጡ በቫርኒሽ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ፣ በኢፖክሲ፣ ማለትም ሲደርቅ በሚጠነክር ሙጫ፣ ተሞልቶ ታሽጓል። ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ ከድንጋይ ጋር የሚጋጨው፣ ጭቃ ውስጥ የሚገባውና ፀሐይ የሚያቃጥለው እርሱ ስለሆነ፣ መሣሪያው ያለ ምክንያት መጮኽ ወይም ዝም ማለት ሲጀምር በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ኮይሉ ነው። ጥርጣሬው አንዳንድ ጊዜ ልክ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የሚገኘው ከጥምጥሙ ውጭ ነው፤ በኬብሉ፣ በስፒናው፣ በብሎኑ፣ በሽፋኑ፣ ካልሆነም በዙሪያው ባለው ነገር። በሻኪሶ፣ በአሶሳ ወይም በሽሬ ዙሪያ በባህላዊ መንገድ ወርቅ ለሚፈልግ ሰው ይህን መለየት ትልቅ ጉዳይ ነው። መሣሪያው በመዋጮ የተገዛ ሊሆን ይችላል፤ ደህናውን ኮይል ጥሎ ሌላ መግዛት ደግሞ የወራት ልፋት ይበላል።

በዚህ ሙያ ታሪክ ውስጥ የመጀመሪያው ትልቅ ውድቀት ራሱ ከዚሁ ስህተት የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1881 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጄምስ ጋርፊልድ በጥይት ተመትተው ሲተኙ፣ በስልክ ፈጠራው የሚታወቀው አሌክሳንደር ግርሃም ቤል ጥይቱ ሰውነታቸው ውስጥ የት እንዳለ ለማግኘት በጥምጥም ሽቦ የሚሠራ መሣሪያ ይዞ ቀረበ። መሣሪያው ቀድሞ ሲሞከር በደንብ ይሠራ ነበር። በሕመምተኛው አልጋ ላይ ግን ፍቺ የሌለው ድምፅ ሰጠ። ፍራሹ የብረት ሽቦ እንደነበረው የታወቀው በኋላ ነው። ሐኪሙም ፍለጋው በቀኝ ጎን ብቻ እንዲደረግ ፈቅደው ነበር፤ ጥይቱ ግን ከአከርካሪው በስተግራ ተገኘ። የቤል ኮይል ጤነኛ ነበር ለማለት ይቻላል፤ የታመመው ዙሪያው ነው። ከዚያ በኋላ ጌርሃርድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1937 በአሜሪካ ለብረት መፈለጊያ የፈጠራ መብት አገኘ፤ ፖላንዳዊው መኮንን ዩዜፍ ኮሳትስኪ ደግሞ በ1941 በእጅ የሚያዝ የፈንጂ መፈለጊያ ሠራ፤ እርሱም በ1942 በኤል አላሜይን ጦርነት አገልግሏል። የዛሬው ዲቴክተር የእነዚህ ልጅ ነው።

ኮይሉ እንዴት ይሰማል

በሥራ ላይ ያሉት ዲቴክተሮች አብዛኞቹ ከሁለት ቤተሰብ ይመደባሉ። አንደኛው በዝቅተኛ ድግግሞሽ ያለማቋረጥ የሚልከው ነው፤ ለሁሉም ዓይነት ፍለጋ የተሠሩት ከ5 እስከ 20 ኪሎኸርዝ ገደማ፣ ለደቃቅ ወርቅ የተሠሩት ከ40 ኪሎኸርዝ በላይ ይጠቀማሉ። በሳህኑ ውስጥ አንድ ላኪና አንድ ተቀባይ ጥምጥም አለ። ተቀባዩ የላኪውን መግነጢሳዊ መስክ እንዳይሰማ ሆኖ ይቀመጣል። በአንዳንዱ ሳህን ትንሹ ክብ በትልቁ መሃል ይገባል፤ በሌላው የላቲኑን ዲ ፊደል የሚመስሉ ሁለት ጥምጥሞች በቀጥተኛው ጀርባቸው ይደራረባሉ። ብረት ሲቀርብ ሚዛኑ ይዛባል፤ ተቀባዩም ይሰማል። ፋብሪካው ይህን ሚዛን የሚያገኘው ሽቦውን በሚሊሜትር ክፍልፋይ እያንቀሳቀሰ ነው፤ ኢፖክሲ የሚፈስበትም ያቺ ቦታ እንዳትናወጥ ነው። ስለዚህ ሳህኑ ሲሰነጠቅ ሽቦው ባይበጠስ እንኳ ሚዛኑ ሊጠፋ ይችላል።

ሁለተኛው ቤተሰብ በምት የሚሠራው ነው። ብረት በበዛበት ቀይ አፈር ላይ ጠለቅ ብሎ የተቀበረ ወርቅ የሚፈልጉ ሰዎች ይመርጡታል። ብዙ ጊዜ አንድ ጥምጥም ብቻ አለው፤ ያው ሽቦ ይልካል፣ ያው ሽቦ ያዳምጣል። መሣሪያው በሰከንድ በመቶዎች ወይም በሺዎች የሚቆጠር የኤሌክትሪክ ምት ይለቃል፤ ምቱ እንደተቋረጠ በጥቂት ማይክሮሰከንዶች ውስጥ የቀረውን ምላሽ ያነባል። እርጥበት ሳህኑ ውስጥ ከገባ የኮይሉ የራሱ ንዝረት ቶሎ አይሞትም። ደቃቅ ወርቅ ደግሞ የሚሰማው በእነዚያ የመጀመሪያ ማይክሮሰከንዶች ነው። ከብልሽቶች ሁሉ እኔ የምፈራው ይህንን ነው፤ ምክንያቱም ራሱን አይገልጥም። መሣሪያው ይበራል፣ ለምስማር ይጮኻል፣ ለቆርቆሮ ይጮኻል፤ የስንዴ ቅንጣት የምታክለውን ወርቅ ግን ያልፋታል። ባለቤቱም ወርቁ አለቀ ብሎ ቦታ ይቀይራል።

ለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ የተለካ መነሻ መያዝ ነው። ኮይሉ አዲስና ጤነኛ ሳለ ከምድር ከፍ አድርጎ፣ ብረት ከሌለበት ቦታ ላይ አግድሞ ማስቀመጥ፤ ሁልጊዜ ያንኑ አንድ ሳንቲም፣ ለምሳሌ የአንድ ብሩን፣ በሳህኑ ፊት ማወዛወዝ፤ ከዚያም ድምፁ የሚጠፋበትን ርቀት በሴንቲሜትር ለክቶ መጻፍ። ትንሽ የእርሳስ ቁራጭ ከተገኘች ለደቃቅ ወርቅ የተሻለች ምስክር ናት። ማስተካከያዎቹ የት ላይ እንደነበሩም አብሮ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ቁጥሩ ከምንም ጋር አይወዳደርም። ፈንጂ አምካኞች ይህን በየዕለቱ ያደርጉታል፤ ወደ መስክ ከመግባታቸው በፊት መሣሪያቸውን ጥልቀቱ በታወቀ ናሙና ላይ ይፈትናሉ፤ ያልሰማ መሣሪያ ያን ቀን አይሠራበትም። ከኤርትራ ጋር ከተደረገው ጦርነት በኋላ በ2001 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ፈንጂ ማምከኛ ጽሕፈት ቤት ተቋቁሞ በሰሜን ሲሠራ፣ የሙያው ሰዎች ሕይወታቸውን ያስቀመጡት በዚህ ዓይነቱ የጠዋት ፍተሻ ላይ ነው። ወርቅ ፈላጊ ቢሳሳት የሚያጣው ቀኑን ነው፤ ልማዱን ግን ከእነርሱ ቢወስድ ይጠቀማል።

ከውጭ ወደ ውስጥ

ምርመራው የሚጀምረው መሣሪያው መቼ እንደሚጮኽ በማዳመጥ ነው። ሳህኑን ከመሬት አንሥቶ ጸጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ሳይንቀሳቀስም የሚጮኽ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው የኤሌክትሪክ ጣልቃ ገብነት ነው፤ የመብራት መስመር፣ ኪስ ውስጥ ያለ ስልክ፣ በክረምት የሩቅ መብረቅ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጠገብ የሚሠራ ሌላ ዲቴክተር። በወርቅ ቦታ ሰው ከሰው ተጠጋግቶ ስለሚሠራ ይህ የዕለት ተዕለት ነገር ነው፤ በምት የሚሠሩትማ በአሥሮች ሜትር ርቀትም ይረባበሻሉ። ጎረቤት ለአንድ ደቂቃ እንዲያጠፋ መለመን ከየትኛውም መለኪያ ይቀድማል። በአየር ላይ ጸጥ ብሎ መሬት ላይ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ኮይሉ ሳይሆን አፈሩ ነው፤ መሣሪያውን ከመሬቱ ጋር እንደገና ማመጣጠን ወይም ንቃቱን ዝቅ ማድረግ ይበቃል። ሳህኑ በእጅ መዳፍ ቀስ ብሎ ሲመታ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ ስንጥቅ ወይም የላላ ማያያዣ አለ። ኬብሉ ሲነካ ብቻ ከሆነ ደግሞ መልሱ ኬብሉ ላይ ነው።

የጫማው አፍንጫ ብረት እንዳለው፣ አካፋው የት እንደተቀመጠ፣ ጣት ላይ ቀለበት እንዳለም ይታይ። ይህ የቤል ፍራሽ ነው።

ቀጥሎ የሳህኑ ሽፋን ይወለቃል። ብዙ ሰው ይህን ሽፋን ከገዛበት ቀን ጀምሮ አውልቆት አያውቅም። ሲከፈት ከስሩ ያለው ጥቁር አሸዋ ነው፤ የወርቅ አጣቢ ሁሉ የሚያውቀው፣ ማግኔት የሚስበው ያው ከባድ አሸዋ። ሳህኑ በተወዛወዘ ቁጥር አሸዋው ከሽፋኑ ጋር ይንሸራተታል፤ መሣሪያውም እንደ ዒላማ ይቆጥረዋል። ማጠብ፣ ማድረቅና መመለስ ነው። ከዚያ ሳህኑን ከዘንጉ ጋር የሚያስረው ብሎን ይታያል። ፋብሪካው ከፕላስቲክ የሠራው አውቆ ነው። ሲሰበር በቅርብ በተገኘ የብረት ብሎን የተካው ሰው፣ ኮይሉ አናት ላይ ቋሚ ዒላማ አስሯል ማለት ነው። ሮንዴላውም ጎሚኒ መሆን አለበት።

ኬብሉ በዘንጉ ላይ የተጠመጠመበትን መንገድ ብዙዎች ይንቁታል። ምልክቱ የሚጓዝበት ራሱ ኬብሉ ስለሆነ፣ ላልቶ የሚወዛወዝ ኬብል ከሳህኑ በላይ ብረት እንደሚንቀሳቀስ ያህል ሊያስጮኽ ይችላል። ከዘንጉ ጋር ጠበቅ ብሎ መታሰር፣ ሳህኑ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲታጠፍ ግን በታችኛው ጫፍ ትንሽ ልል መተው አለበት። ልሉ ካልተተወ ኬብሉ በየመታጠፉ ይጎተታል።

የሚበጠሰውም እዚያው ነው። ኬብሉ ወደ ሳህኑ በሚገባበት ቦታ፣ ከጎማው ማቀፊያ ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲሜትር ራቅ ብሎ፣ ላስቲኩ ከውጭ ምንም ሳይሆን ሲታጠፍ ከሌላው ቦታ ይልቅ ለስለስ ይላል። ጣት ያንን ልስላሴ ያውቀዋል። ላስቲኩ በስለት በጥንቃቄ ሲላጥ፣ እንደ ፀጉር የቀጠኑት የመዳብ ክሮች አብዛኞቹ ተበጥሰው፣ ሁለት ሦስቱ ብቻ ተያይዘው ይገኛሉ፤ የተበጠሱት ጫፎች አረንጓዴ ከሆኑ ውኃ ከገባ ቆይቷል። እነዚያ ሁለት ሦስት ክሮች ናቸው መሣሪያውን አንዴ ጤነኛ አንዴ በሽተኛ የሚያደርጉት። ሌላው የኬብሉ ጫፍ፣ ስፒናው፣ ቀለል ይላል፤ የተጣመመ እግር ይቃናል፣ የዛገ ይጠረጋል፣ የላላ ክር ይጠበቃል። ስፒናውን ሲነቅሉ ኬብሉን ይዞ መጎተት በውስጡ ያለውን ብየዳ ይነቅላል።

መልቲሜትር ምን ይናገራል

መሣሪያው ጠፍቶ፣ ኮይሉ ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ተነቅሎ፣ መልቲሜትሩ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ መለኪያው፣ ኦም (የሽቦው የኤሌክትሪክ ተቃውሞ መለኪያ) ላይ ይደረጋል። በቅድሚያ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች እርስ በርስ ማነካካት ያስፈልጋል፤ የራሱ ገመድ 0.2 ወይም 0.3 ኦም ሊያሳይ ስለሚችል ያ ይቀነሳል። ነገሩ ትንሽ ቢመስልም፣ በምት የሚሠራ ባለ አንድ ጥምጥም ኮይል አጠቃላይ መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ1 ኦም በታች ስለሆነ ልዩነቱ ሙሉውን ፍርድ ይለውጣል። በሌላኛው ቤተሰብ ላኪው ጥቂት ኦም፣ ተቀባዩ በቀጭን ሽቦ ብዙ ጊዜ ስለሚጠመጠም ከዚያ በርከት ያለ ማሳየቱ የተለመደ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር ከሥሪት ሥሪት ይለያያል። መለኪያው ምንም ግንኙነት የለም ካለ የተበጠሰ ነገር አለ። በሚለካበት ጊዜ ረዳት ኬብሉን ከስፒናው ጀምሮ ስንዝር በስንዝር ያጥፈው፤ ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ ቁስሉ ነው።

ቁጥሩ ልክ ሆኖ ኮይሉ ግን የማይሰማበት ጊዜም አለ። ቫርኒሹ ተፍቆ ጥቂት ዙሮች እርስ በርስ ከተነካኩ ኦሙ እምብዛም አይቀንስም፤ የኮይሉ ኢንዳክታንስ፣ ማለትም መግነጢሳዊ መስክ የመፍጠር አቅሙ፣ ግን ይወድቃል። ይህን የሚያሳየው ኢንዳክታንስ የሚለካ መሣሪያ ነው፤ እርሱ ከሌለ ተመሳሳይ ጤነኛ ኮይል ገጥሞ ማወዳደር ከሁሉ የታመነ ፈተና ነው። ችግሩ ከኮይሉ ጋር ከሄደ ኮይሉ ነው፤ ከሳጥኑ ጋር ከቀረ ሳጥኑ ነው። የአንዱ ሥሪት ኮይል በሌላው ሳጥን ላይ፣ ስፒናው ቢገባም እንኳ፣ መሰካት የለበትም፤ በሳህናቸው ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ወይም የራሳቸው ባትሪ ያላቸውም ስላሉ እነዚህን በመልቲሜትር መነካካት ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። በወርቅ ቦታዎች ዙሪያ አስመስለው የተሠሩ ኮይሎችም ይሸጣሉ። ተለጣፊ ጽሑፉ ከእውነተኛው አይለይም፤ የጤነኛውን ኦምና የሳንቲሙን ርቀት ጽፎ የያዘ ሰው ግን ከመክፈሉ በፊት ልዩነቱን ያገኘዋል።

ስንጥቅ ሲገኝ ወዲያው ማሸግ እርጥበቱን ውስጥ መቅበር ነው። ሳህኑ ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ውስጥ ለቀናት ይድረቅ፤ ፀሐይ ላይ ማስጣት ኢፖክሲውን ያስፋፋዋል፣ ሚዛኑንም ያናጋል። ከደረቀ በኋላ በኢፖክሲ ይታሸጋል። እንደ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን እንዳይነካው፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ መዳብ ይበላል። የኬብል ቁራጭ ተቆርጦ በሊድ ሲበየድም በመደበኛ የመብራት ሽቦ መቀጠል አይሆንም፤ የውስጡ ክሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው መከለያ ሊኖራቸው ስለሚችል እንደነበሩ ይመለሱ።

ሳህኑን ራሱን መክፈት የመጨረሻው መጨረሻ ነው። ሞተር የሚጠመጥም ባለሙያ ሽቦውን በልኩ ሊጠመጥም ይችላል፤ በሚሊሜትር ክፍልፋይ የተቀመጠውን የሁለቱን ጥምጥም ሚዛን ግን የኤሌክትሪክ ሞገድን በስክሪን ላይ የሚያሳይ ኦሲሎስኮፕ ሳይኖር መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ባለ አንድ ጥምጥሙ ይሻላል፤ በትዕግሥት የተሳካላቸው አሉ። ካልተሳካ የአሮጌው ኮይል ስፒናና ደህናው የኬብል ክፍል ተቆርጦ ለሚቀጥለው ጥገና ይቀመጣል፤ አዲሱ በተገጠመ ቀን ደግሞ ሳንቲሙ እንደገና ይለካል፣ ቁጥሩም በፕላስተር ላይ ተጽፎ ዘንጉ ላይ ይለጠፋል።