ሐኪሞቹም አላመለጡም፦ ስለ ባህርይ ኢኮኖሚክስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ይህ ትምህርት ሰው ሞኝ መሆኑን ያረጋግጣል።»
አያረጋግጥም። የባህርይ ኢኮኖሚክስ የሚያጠናው ሰዎች በእውኑ ሕይወት እንዴት እንደሚመርጡና እንደሚወስኑ ነው። አሜሪካዊው ምሁር ኸርበርት ሳይመን እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ያነሳው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ጊዜያችን፣ መረጃችንና ትኩረታችን ውስን ስለሆኑ ከሁሉ የሚበልጠውን ከመፈለግ ይልቅ የሚበቃንን መርጠን እናልፋለን። እያንዳንዱን ዕቃ ከሌላው ሁሉ ጋር ካላወዳደርኩ የሚል ሰው ገበያ ገብቶ አይወጣም።

«የተማረ ሰው በቃላት አይሸወድም።»
ይህኛው የተማረውን ስለሚያስደስት ሥር ሰድዷል። እ.ኤ.አ. በ1982 በታተመ ጥናት ሐኪሞች ለሳንባ ካንሰር ሕመምተኛ ቀዶ ሕክምናን ወይም የጨረር ሕክምናን እንዲመርጡ ተጠየቁ። ለከፊሎቹ፣ ቀዶ ሕክምና ከሚደረግላቸው 100 ሰዎች 90ው በሕይወት ይወጣሉ ተባሉ፤ ለሌሎቹ ደግሞ 10ሩ ይሞታሉ። ከመጀመሪያዎቹ 84 በመቶው ቀዶ ሕክምናን መረጡ፤ ከሁለተኛዎቹ ግን ግማሾቹ ብቻ። ቁጥሩ ያው ነው። ስለ በሽታው ያካበቱት ዕውቀት «ይሞታሉ» ከሚለው ቃል ድንጋጤ አላዳናቸውም።

«ቅጣት ካለ ጥፋት ይቀንሳል።»
በእስራኤሏ ሃይፋ ከተማ ልጆቻቸውን ከሕፃናት ማቆያ አርፍደው በሚወስዱ ወላጆች ላይ አነስተኛ ቅጣት ተጣለ። የሚያረፍዱት ቁጥር ወደ እጥፍ ገደማ አደገ! ጥናቱን እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተሙት ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲቺኒ ምክንያቱን ሲያስረዱ ቅጣቱ ዋጋ ሆነ ይላሉ። መምህርቷን ማስጠበቅ ያሳፍር ነበር፤ አሁን ግን ከፍለው የሚያገኙት አገልግሎት ሆነ። ይባስ ብሎ ቅጣቱ ከተነሳ በኋላም ማርፈዱ አልቀነሰም።

«ቀድሞ የተሞላልን ምርጫ ለእኛው ጥቅም ነው።»
ግማሽ እውነት። በአንድ የአሜሪካ ኩባንያ አዲስ ሠራተኞች እምቢ ካላሉ በቀር በጡረታ ቁጠባ ውስጥ እንዲመዘገቡ ሲደረግ፣ ተሳትፎው ከ49 ወደ 86 በመቶ ዘለለ። ይህን ሁሉም ይጠቅሰዋል። ብዙዎቹ ግን ኩባንያው በወሰነላቸው የደመወዛቸው 3 በመቶ ላይ ረግተው ቀሩ፤ ራሳቸው ቢወስኑ ኖሮ የበለጠ የሚቆጥቡም ነበሩባቸው። ካልሰረዙት በራሱ የሚታደሰው ወርሃዊ ክፍያም የሚተማመነው በዚሁ ስንፍናችን ነው።

«አማራጭ ሲበዛ ሰው አይገዛም» የሚለውስ? መነሻው እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው የማርማላታ ሙከራ ነው፤ 24 ዓይነት ካዩት ይልቅ 6 ዓይነት ያዩት በብዛት ገዙ። ዝናው ግን ከማስረጃው ቀድሞ ሮጧል። እ.ኤ.አ. በ2010 በርካታ ተመሳሳይ ሙከራዎች አንድ ላይ ሲመዘኑ አማካይ ውጤቱ ወደ ዜሮ የተጠጋ ሆኖ ተገኝቷል።