ሲሲአይፒ ምንድን ነው? በኤፍ-16 ሲሙሌተር ቁልቁል እየጠለቁ ቦምብ ለሚጥሉ

ዲሲኤስ ወርልድ በተባለው የኮምፒውተር የበረራ ሲሙሌተር ላይ ኤፍ-16 የጦር አውሮፕላን ማብረር የጀመረ ሰው መነሳቱንም ማረፉንም ቀስ በቀስ ይለምደዋል። ቦምብ መጣል ላይ ሲደርስ ግን ነገሩ ይጠጥርበታል። ፊቱ ባለው መስታወት ላይ የምትንቀሳቀሰውን ነጥብ ያያል፣ በጆይስቲኩ ያሳድዳታል፣ ኢላማውን ስትነካለት ይጫናል። ቦምቡ ሌላ ቦታ ይወድቃል። ብዙ ሰው ችግሩ የእጁ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ነጥቧ ምን እያለችው እንደሆነ ስላልገባው ነው።

ይህች ነጥብ የሲሲአይፒ ነጥብ ናት። ሲሲአይፒ ኮምፒውተሩ ያለማቋረጥ የሚያሰላው የቦምቡ መውደቂያ ቦታ ነው። ኮምፒውተሩ የአውሮፕላኑን ፍጥነት፣ ከፍታና የመጥለቂያ ማዕዘን፣ ነፋሱንና የቦምቡን ዓይነት ይይዝና በየቅጽበቱ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ ቦምቡ አሁን፣ በዚህች ሰከንድ ቢለቀቅ የት ያርፋል? መልሱን ሃድ ላይ ይስልላችኋል። ሃድ ከፓይለቱ ፊት ያለው፣ አረንጓዴ ምልክቶች የሚታዩበት መስታወት ነው። ነጥቧን እንደ ጠመንጃ ማነጣጠሪያ ካያችኋት ትሸውዳችኋለች። ጠመንጃውን ስታዞሩ ማነጣጠሪያው አብሮ ይዞራል። ይህች ነጥብ ግን እናንተ ምንም ሳትነኩም መሬት ላይ ትሄዳለች።

ሃዱን ከላይ ወደ ታች አንብቡት። ክንፍ ያላት ትንሽ ክብ አለች። አውሮፕላኑ በእውነት እየሄደ ያለው ወደ እሷ ነው፤ ቁልቁል እየጠለቃችሁ ምንም ሳትነኩ ብትቀጥሉ የምትጋጩት እሷ ያለችበት ቦታ ላይ ነው። ከእሷ ወደ ታች አንድ ረጅም መስመር ይወርዳል። ቦምቡ የሚወድቀው በዚህ መስመር አቅጣጫ ነው። መስመሩ ጫፍ ላይ፣ መሃሏ ላይ ነጥብ ያላት ክብ ትገኛለች። የሲሲአይፒ ነጥብ እሷ ናት።

ታዲያ ለምን ቁልቁል መጥለቅ አስፈለገ? እስኪ እናስላው። በ450 ኖት (በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ገደማ)፣ ከኢላማው 4000 ጫማ ከፍ ብላችሁ በአግድም እየበረራችሁ ነው እንበል። የአየሩን ግጭት ብንተወው ቦምቡ መሬት እስኪደርስ 16 ሰከንድ ገደማ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ከ3.6 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ፊት ይሄዳል። መውደቂያው ከአውሮፕላኑ አቅጣጫ 18 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ነው የሚገኘው። ሃዱ ያን ያህል ወደ ታች አያሳይም። በዚያው ፍጥነትና ከፍታ 30 ዲግሪ ብትጠልቁ ቦምቡ የሚቆየው 8 ሰከንድ፣ የሚሄደው 1.6 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። መውደቂያው ከክንፋሟ ክብ በ8 ዲግሪ ገደማ ዝቅ ይላል፤ ሃዱ ውስጥ ይገባል። ያያችሁትን መምታት የምትችሉት ለዚህ ነው። ቦምቡ አየር ላይ የሚቆይበት ጊዜ ሲያጥር ነፋስ የሚገፋበት ዕድልም ያንሳል።

መስመሩ ላይ አጭር አግድም ሰረዝ ካያችሁ መውደቂያው ገና ከሃዱ በታች ነው ማለት ነው። ጥልቀታችሁ ትንሽ ነው፣ ወይም ገና ሩቅ ናችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በቋሚ ማዕዘን ስትጠልቁ ክንፋሟ ክብ መሬት ላይ አንድ ቦታ ይዛ ትቆማለች። የሲሲአይፒ ነጥብ ግን ወደ እሷ እየተጠጋች መሬት ለመሬት ወደ ፊት ትጓዛለች። ከላይ ባልነው ምሳሌ 4000 ጫማ ላይ በሁለቱ መካከል 500 ሜትር ያህል አለ፤ ከፍ ስትሉ ይሰፋል፣ ዝቅ ስትሉ ይጠባል። ስለዚህ ክንፋሟን ክብ ኢላማው ላይ አታድርጓት። ከኢላማው አለፍ አድርጋችሁ አስቀምጧት። ኢላማው መስመሩ ላይ ይዋል። ክንፋችሁን አስተካክሉ፣ እጃችሁን አረጋጉ፣ ነጥቧ ራሷ ተጉዛ እስክትደርስ ጠብቁ። ኢላማውን ስትነካ ተጫኑ። ለእኔ የሲሲአይፒ ጥበብ ሁሉ ይህ መጠበቅ ነው፤ መጀመሪያ መስመሩ፣ ነጥቧ በኋላ።

ነጥቧን በጆይስቲክ ያሳደደ ሰው አፍንጫውን ከፍ ዝቅ ሲያደርግ ነጥቧም አብራው ትዘላለች። የተጫነበት ቅጽበትና እሷ ኢላማው ላይ የነበረችበት ቅጽበት አይገጥሙም። በዚህ ጥልቀት ተረጋግታችሁ እንኳ ነጥቧ በሰከንድ 80 ሜትር ገደማ ትሄዳለች። ግማሽ ሰከንድ ብትዘገዩ 40 ሜትር አለፈ ማለት ነው። ታንክ ላይ ከሆነ የጣላችሁት፣ አቧራ ብቻ ነው የምታነሱት።

ድሮ ይህን ሁሉ የሚያሰላው የፓይለቱ ጭንቅላት ነበር። ቁልቁል እየጠለቀ ቦምብ ይጥል የነበረው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን አውሮፕላን፣ የስቱካ ፓይለት የመጥለቂያውን ማዕዘን የሚለካው ከጎኑ ባለው መስታወት ላይ የተሰመሩትን መስመሮች ከአድማስ ጋር እያስተያየ ነበር። እዚሁ ዲሲኤስ ላይ ያለውን ኤፍ-5ኢ ብትሞክሩ ልዩነቱ ወዲያው ይገባችኋል። የእኛ አየር ኃይል በ1969 እና 1970 ዓ.ም. በኦጋዴኑ ጦርነት ያበረረው ዓይነት አውሮፕላን ነው። ቦምብ ስትጥሉበት ማነጣጠሪያውን አስቀድማችሁ በእጅ ዝቅ ታደርጉታላችሁ። ከዚያ የታሰበው ማዕዘን፣ የታሰበው ፍጥነትና የታሰበው ከፍታ ላይ እኩል መድረስ ይጠበቅባችኋል። አንዱ ከተዛባ ቦምቡም ይዛባል። ያንን የሞከረ ሰው ለሲሲአይፒ ያለው አክብሮት ይጨምራል።

ከፍታ ላይም ተጠንቀቁ። ሃዱ ላይ በስተቀኝ ያለው የከፍታ ቁጥር ብዙውን ጊዜ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ ነው የሚያሳየው። ኢላማው 2000 ጫማ ላይ ያለ ኮረብታ ከሆነና ቁጥሩ 5000 ካለ፣ ከኢላማው በላይ ያላችሁት 3000 ብቻ ነው። በ450 ኖትና በ30 ዲግሪ ደግሞ በየሰከንዱ 380 ጫማ ትወርዳላችሁ። መሬት ለመድረስ ስምንት ሰከንድ አይሞላም። በሲሙሌተሩ የካውካሰስ ካርታ ተራሮች መሃል ብዙ ሰው የሚከሰከሰው ይህን ባለማስላት ነው።

ለዚህ ነው ሃዱ የመውጫ ምልክትም የሚሰጠው። ከታች የምትነሳ ቅንፍ መሰል ምልክት ወደ ክንፋሟ ክብ ትጠጋለች። ስትነካት ጊዜው አልቋል፤ ኢላማው ቢመታም ባይመታም ወዲያው ጎትታችሁ ውጡ። ከዚያ በታች ብትጥሉ ቦምቡ ፊውዙ (የሚያፈነዳው መሣሪያ) ለመዘጋጀት ጊዜ አጥቶ ሳይፈነዳ ሊቀር ይችላል፤ ከፈነዳም ፍንጣሪው ራሳችሁን ያገኛችኋል። ነጥቧ ኢላማው ላይ ሳትደርስ ምልክቷ ከቀደመች አትጣሉ። ከፍ በሉ፣ ዙሩ፣ በሚቀጥለው ከበፊቱ ከፍ ካለ ቦታ ጥልቀቱን ጀምሩ።