ቡንከር ሂል ላይ ያሸነፈው ማን ነው?

ቦስተን ውስጥ ለዜግነት ፈተና የሚዘጋጁ ሀበሾችን አስጠናለሁ። በየዓመቱ ቻርልስታውን ወዳለው የቡንከር ሂል ሐውልት ይዣቸው እሄዳለሁ። 294ቱን ደረጃ ወጥተን ሳንጨርስ አንዱ «እንግሊዞችን ያሸነፉት እዚህ ነው አይደል?» ይለኛል። አይደለም! ይህን ስመልስ ዓመታት አለፉ።

አሜሪካ ከእንግሊዝ ነፃ ለመውጣት በተዋጋችበት ጦርነት መጀመሪያ፣ ጁን 17 ቀን 1775፣ እዚህ የተሸነፉት አሜሪካኖቹ ናቸው። የአሜሪካኖቹ አዛዥ የኮሎኔል ዊልያም ፕሬስኮት ሰዎች ሌሊቱን ሙሉ ምሽግ ሲቆፍሩ አደሩ። በቀን ሁለት ጥቃት መለሱ። በሦስተኛው ባሩድ አለቀባቸው። እንግሊዞቹ ሳንጃ ወድረው ምሽጉ ውስጥ ገቡ። ከአሜሪካኖቹ መሪዎች አንዱ የነበረው ሐኪሙ ጆሴፍ ዋረን እዚያው ሞተ። የተረፉት ኮረብታውን ለቀው ሸሹ።

አምና ይህን ስናገር አንዲት እናት፣ «ታዲያ ልጄ፣ ለተሸነፉበት ነው ይሄን የሚያህል ድንጋይ የካቡት?» አሉኝ። ጥያቄ ማለት እንዲህ ነው። መልሱ ያለው ቁጥሩ ላይ ነው። ከእንግሊዞቹ 1,054 ሰው ሞተ፣ ቆሰለ፤ ሟቾቹ ብቻ 226 ናቸው። በአሜሪካኖቹ በኩል የሞተው፣ የቆሰለውና የተማረከው ተደምሮ 450 ገደማ ነው። ከእንግሊዝ ጄኔራሎች አንዱ ሄንሪ ክሊንተን፣ እንዲህ ያለ ድል ቢደገም ያጠፋናል ብሎ ጽፏል። ገበሬውና የእጅ ባለሙያው የንጉሡን ጦር ፊት ለፊት መግጠም እንደሚችል የታየውም ያን ቀን ነው። ሐውልቱ የቆመው ለዚህ ነው።

ሰው የሚሳሳትባቸውን የቀሩትን ነገሮች ቶሎ ቶሎ ልበል። ውጊያው በአብዛኛው የተካሄደው ቡንከር ሂል ላይ ሳይሆን አጠገቡ ባለው ብሪድስ ሂል ላይ ነው፤ ሐውልቱም ያለው እዚያው ነው። ጆርጅ ዋሽንግተን አልነበረም፤ የአሜሪካኖቹን ጦር የተረከበው በጁላይ ነው። «የዓይናቸው ነጭ ሳይታያችሁ አትተኩሱ» የሚለውን ማን እንደተናገረው አልተረጋገጠም። ነፃነትም ገና አልታወጀም ነበር። እንዲያውም ከውጊያው በኋላ የቅኝ ግዛቶቹ ተወካዮች ጉባኤ (ኮንግረሱ) ለእንግሊዙ ንጉሥ የሰላም አቤቱታ ልኳል። ፈተናው ላይ ነፃነት የታወጀበትን ጁላይ 4, 1776ን ከዚህ ጋር አታምታቱ።

«የነጮች ጦርነት ነበር» የሚለውን ግን በዝምታ አላልፈውም። ጥቁሮችም ተዋግተዋል። ሳሌም ፑር በባርነት ኖሮ ነፃነቱን ገዝቶ የወጣ ሰው ነበር። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ 14 መኮንኖች ፈርመው፣ በዚህ ውጊያ እንደ ልምድ ያለው መኮንንና እንደ ምርጥ ወታደር ሆኖ ተዋግቷል ሲሉ ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት መሰከሩለት። ፈተናው ላይ አይመጣም። እናንተ ግን ስሙን ደብተራችሁ ላይ ጻፉልኝ።