የታሪካዊ መኪና ፓስፖርት ምን ያረጋግጣል?
ጎንደር ፒያሳ አሮጌ ፊያት የሚጠግኑ ወዳጆቼ ደጋግመው ይጠይቁኛል፦ እንደ አዲስ የተሠራ የድሮ የውድድር መኪና «ኦሪጅናል» ይባላል ወይ?

ግራ የሚያጋባው ፊያ የተባለው ዓለም አቀፍ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለታሪካዊ መኪኖች ባወጣው «አባሪ ኬ» ደንቡ መሠረት የሚሰጠው ቴክኒካል ፓስፖርት ነው። ፓስፖርቱ የሚመሰክረው ሞተሩ፣ ፍሬኑና ሻንሲው (የመኪናው አጽም) በድሮው የውድድር ዘመን ከነበረው ስሪት ጋር መስማማታቸውን ብቻ ነው። ስለዚህ በቅርቡ የተሠራ ትክክለኛ ቅጂም ፓስፖርት አግኝቶ ሊወዳደር ይችላል። ያኔ የሮጠው ራሱ ይህ መኪና መሆኑን የሚያሳዩት የሻንሲ ቁጥር፣ ተከታታይ የባለቤትነት ሰነድና የድሮ ፎቶ ናቸው።

የፋሲል ግንብ ድንጋዩ ቢጠገንም ከቦታው አይነቃነቅም። መኪና ግን ይበተናል፤ ሻንሲው አንድ ዘንድ፣ ሞተሩ ሌላ ዘንድ ይሄድና ሁለት ሰዎች «እውነተኛው የኔ ነው» ይላሉ። ቅጂ ቢሮጥ ደስ ይለኛል፤ ቅጂነቱን ደብቆ መሸጥ ግን ማጭበርበር ነው።