ልጁን መቼ ፎቶ ቤት እንውሰደው?

አዲስ ልጅ የተወለደበት ቤት ይህ ጥያቄ ሳይነሳ አይቀርም። አራስ ጥየቃ የመጣ ዘመድ ገንፎውን እየጎረሰ «ፎቶ አላስነሳችሁትም እንዴ?» ይላል። አያት «ኧረ ገና ነው፣ ይጠንክር» ትላለች። አባት በስልኩ የማይቆጠር ፎቶ አንስቷል። እናት ግን አንድ ደህና ፎቶ ትፈልጋለች፤ በባለሙያ የተነሳ፣ ታጥቦ፣ በፍሬም ሳሎን የሚሰቀል።

መልሴን ላስቀድም። በጀታችሁ ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ ልጁ ሳይደገፍ መቀመጥ ሲችል ውሰዱት። ይህ ለአብዛኞቹ ልጆች ከ6 እስከ 8 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ሌሎቹ ዕድሜዎችም የየራሳቸው መልክ አላቸው፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ካለፉ አይመለሱም፤ ስለዚህ በየተራ ማየቱ ይጠቅማል።

በመሀል አዲስ አበባ ፎቶ ቤት የቆየ ሙያ ነው። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበር፣ ልጆቹም ሙያውን ይዘው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ዘልቀዋል። ፒያሳም ለረጅም ጊዜ የፎቶ ቤት ሰፈር ነበረች፤ ሙሽራውም፣ ተመራቂውም፣ ክርስትና የተነሳው ሕፃንም ወደዚያ ይሄድ ነበር። በ2016 ፒያሳ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ በሰፊው ሲፈርሱ ብዙ ሱቅ ቦታ ለውጧል። ድሮ የምታውቁት ፎቶ ቤት ጋ ሕፃን ታቅፋችሁ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሉ።

እናቴ አልበም ውስጥ የኔ ፎቶ አለ፣ ጥቁርና ነጭ። ጠረጴዛ ላይ ጋቢ ተነጥፎልኝ ተቀምጫለሁ፣ ከኋላዬ አበባ የተሳለበት መጋረጃ አለ። ትኩር ብላችሁ ካያችሁት በጋቢው እጥፋት መሀል አራት ጣቶች ወገቤን ይዘዋል። የአክስቴ ናቸው። «ወደ ኋላ እየተገለበጥክ አስቸግረኸን ነው እኮ» ትላለች እስከ ዛሬ። ከጀርባው በእናቴ እጅ ጽሑፍ «በ7 ወሩ» ይላል። ያን ዕድሜ ዝም ብለው አልመረጡትም። አንድ ጥቅል ፊልም 12፣ 24 ወይም 36 ፎቶ ነበር የሚይዘው፣ ፎቶ አንሺው ለአንድ ልጅ ሁለት ሦስቴ ጠቅ ቢያደርግ ነው። ስለዚህ የሚቀመጥ፣ ቀና ብሎ የሚያይ፣ ግን ተነስቶ የማይሄድ ልጅ ነበር የሚፈለገው። ካሜራው ዲጂታል ከሆነ በኋላም ነገሩ ያው ነው።

አሁን ከመጀመሪያው እንነሳ። ኢንተርኔት ላይ የምታዩት በቅርጫት ውስጥ ተጠቅልሎ የተኛ ጨቅላ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 14 ቀን ዕድሜ ያለው ነው። በነዚህ ቀናት ሕፃኑ የቀኑን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይተኛል፣ ሰውነቱም ማሕፀን ውስጥ እንደነበረው እጥፍጥፍ ይላል፣ ቢያዞሩትም ቶሎ አይነቃም። ሁለት ሳምንት ካለፈ እግሩን መዘርጋት፣ ነቅቶ መቆየት ይጀምራል፤ ብዙዎቹ ላይ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ፊታቸው ላይ ትንንሽ ሽፍታ ይወጣል። ሽፍታው በራሱ ይጠፋል፣ ግን ለፎቶ የምትፈልጉት ቆዳ አይደለም።

ችግሩ እኛ ጋ ያ ጊዜ የአራስ ቤት ጊዜ መሆኑ ነው። እናትየው ገና አልጋ ላይ ናት፣ ቁስሏ አልደረቀም፣ ምናልባትም በኦፕራሲዮን ወልዳለች። አያቶችም ልጁ ከቤት እንዲወጣና የሰው ዓይን እንዲያርፍበት አይፈልጉም። ይህን ስጋት «ኋላ ቀርነት» ብሎ የሚያጣጥል ሰው አለ፤ እኔ አልስማማም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕፃንን ከሰው ብዛት ማራቅ ከበሽታም መጠበቂያ ነው። ስለዚህ ይህን ዕድሜ የፈለገ ሰው ፎቶ አንሺውን ወደ ቤት ቢጠራ ይሻላል። መስኮት አጠገብ ያለ አልጋ፣ አንድ ነጭ ነጠላና ሞቅ ያለ ክፍል በቂ ነው። የልጁ ልብስ የሚወልቅ ከሆነ ክፍሉ ከ26 እስከ 28 ዲግሪ ቢሞቅ ጥሩ ነው፣ የአዲስ አበባ ቤት ደግሞ ያለ ሂተር እዚያ አይደርስም። እትብቱ ገና አልወደቀ ይሆናል፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ሳምንት ይወስዳል፤ በጨርቅ መሸፈን እንጂ መነካካት አያስፈልግም። ዓይኑ ወይም ቆዳው ቢጫ ከሆነ ፎቶውን ተዉትና ሐኪም ያየው።

እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ጨቅላው አገጩን በሁለት እጁ ላይ አስደግፎ ቀና ያለበትን ፎቶ አይታችሁታል። ልጁ እንደዚያ ለብቻው አይቆምም! ሁለት ፎቶ ነው፤ በአንዱ ሰው ጭንቅላቱን ይዞታል፣ በሌላው እጆቹን፣ ከዚያ በኮምፒውተር ይጋጠማሉ፣ የያዘው ሰው እጅም ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ፎቶ አንሺ ልጃችሁን በእውነት እንደዚያ ለማስቀመጥ ከሞከረ አስቁሙት። አንገቱ ራሱን መሸከም የሚችለው ከ3 እስከ 4 ወር ሲሞላው ነው። «ፍላሹ ዓይኑን ይጎዳዋል?» ብሎ ለሚጠይቅ ደግሞ ተራ የካሜራ ብልጭታ የሕፃን ዓይን አይጎዳም፤ ያም ሆኖ ድንገት ሲበራ ያስደነግጠዋልና በሶፍት ቦክስ (መብራቱ ላይ በሚገጠም የጨርቅ ሳጥን) የለሰለሰ ወይም የመስኮት ብርሃን ይመረጣል።

በሙስሊም ቤተሰብ አቂቃ፣ ማለትም ለተወለደው ልጅ የሚታረደው እርድ፣ በ7ኛው ቀን ቢወጣ ይወደዳል፣ ፀጉሩም የሚላጨው ያን ጊዜ ነው። ይዞት የተወለደውን ፀጉር በፎቶ ማስቀረት የፈለገ ከዚያ በፊት ማንሳት አለበት።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተሰብ ደግሞ ቀኑ የተወሰነ ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ደህና ፎቶ የሚያስነሳው ያን ቀን ነው፣ ከሥላሴ ወይም ከጊዮርጊስ ሲወጣ ቀጥታ ወደ ስቱዲዮ። እስቲ አስሉት። 40 ቀን ማለት 6 ሳምንት ሊሞላ 2 ቀን ሲቀረው ነው። የሕፃናት ለቅሶ ከሁሉም የሚበረታው በ6ኛው ሳምንት ገደማ ነው፣ ሰው አይተው ፈገግ ማለት የሚጀምሩት ደግሞ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ። 80 ቀን ግን 11 ሳምንት ከ3 ቀን ነው፤ ለቅሶው ቀንሷል፣ ፈገግታውም መጥቷል። የዘመድ አልበም ገልብጡና እዩ፤ ሴቶቹ ክርስትናቸው ላይ ዓይናቸውን ከፍተው ሰው ያያሉ፣ ወንዶቹ ወይ ተኝተዋል ወይ አፋቸውን ከፍተው ያለቅሳሉ።

ስለዚህ ወንድ ልጅ ያላችሁ በ40 ቀኑ ፈገግታ አትጠብቁ። ጡት ጠብቶ እናቱ እቅፍ ውስጥ ሲተኛ ይነሳ። ማተቡ አንገቱ ላይ ገና አዲስ ነው፣ እናትየውም ከወለደች በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን የገባችበት ቀን ነው፣ ነጭ ለብሳለች። ያ ፎቶ የእናትና የልጅ ፎቶ ነው፣ ለእኔ ከየትኛውም ቅርጫት ይበልጣል። ጥምቀቱ በጠዋት ስለሆነ ውስጡ ብርሃን ያንሳል፣ ልጁም ከውኃ ወጥቶ በርዶታል፤ አልብሳችሁ፣ አሙቃችሁ፣ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ሲወጣ አንሱ። የት የት ማንሳት እንደሚፈቀድ ካህናቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሰው የ45 ቀን ክትባት የሚለውም በዚያው ሳምንት ገደማ የሚመጣ ነው፤ ከክትባት በኋላ አንድ ሁለት ቀን ሊያተኩሰውና ሊነጫነጭ ስለሚችል ከስቱዲዮ ቀጠሮ ጋር አታጋጩት።

ከ3 እስከ 4 ወር በሆዱ ሲያስተኙት ራሱን ቀና ያደርጋል፣ ድምፅ አውጥቶ ይስቃል። ጥሩ ዕድሜ ነው፣ በተለይ የአራስነቱ ላመለጠው። ግን በሆዱ ብዙ አይቆይም፣ ደቂቃዎች ናቸው ያላችሁ።

ከዚያ ያልኩት ዕድሜ ይመጣል። ከ6 እስከ 8 ወር ልጁ ይቀመጣል፣ እጁ ነፃ ነው፣ ያነሳል፣ ይጥላል፣ ወደ አፉ ያስገባል። ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል። ብዙዎቹ ገና ዳዴ አላሉም፣ ስለዚህ ካስቀመጡት ቦታ ይገኛሉ። ጥርስ ገና ብቅ እያለ ነው ወይም አልወጣም፣ ያ ድድ ብቻ የሆነ ሳቅ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም። ከሁሉም በላይ አብዛኞቹ ሰው መለየት አልጀመሩም ወይም ገና መጀመራቸው ነው፤ ፎቶ አንሺው «አኩኩሉ» ቢላቸው ይስቁለታል። ለሀጭ ይበዛል፣ ስለዚህ ሁለት ሦስት ቅያሪ ልብስ ያዙ። ቀኑን በካላንደር አትቁረጡ፤ ቤት ምንጣፍ ላይ አስቀምጡትና ሳይወድቅ አሻንጉሊቱን አንስቶ ከመለሰ ከሳምንት በኋላ ቀጠሮ ያዙ። ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ደግሞ የቀደመበትን ጊዜ ጨምሩበት። ሁለት ወር ቀድሞ የመጣ ልጅ በ6 ወሩ የሚደረገውን በ8 ወሩ ቢያደርገው ምንም አልዘገየም።

ከ9 ወር በኋላ ሁለት ነገር ይለወጣል። ልጁ ዳዴ እያለ ካስቀመጡት ቦታ ይሄዳል፣ ሰውም ይለያል። የእህቴ ልጅ አንድ ዓመት ሊሞላት ሳምንት ሲቀራት መሀል ከተማ ያለ አንድ ስቱዲዮ ወሰድናት። በአንድ ሰዓት ሦስት ቤተሰብ ቀጥረው ኖሮ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን፣ የእንቅልፏ ጊዜ እዚያው ወንበር ላይ አለፈ። ተራችን ሲደርስ አናቷ ላይ ዘውድ ነገር አደረጉላት፣ አወለቀችው። ወንበር ላይ አስቀመጧት፣ ወረደች። ፎቶ አንሺው ጎንበስ ብሎ ስሟን ሲጠራት ጮኸች፣ ከዚያ በኋላ አላቆመችም። ከተነሳው ሁሉ የተረፈው አንድ ነው፤ ፊቷን እናቷ አንገት ውስጥ ቀብራ፣ ጆሮዋ ላይ ያለችው ትንሽ የወርቅ ጉትቻ እየታየች፣ በጭብጧ የእናቷን ነጠላ ጨምድዳ ይዛ። እህቴ ሳሎን የተሰቀለው እሱ ነው፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን ያን ቀን ከፍለን የሄድነው ለዚያ አልነበረም፣ ልጅቷም ያን ያህል ማልቀስ አልነበረባትም።

ይህ ማለት የ1 ዓመት ፎቶ ይቅር ማለት አይደለም። ልደት ነው፣ ቤተሰብ ይሰበሰባል፣ ቆሞ መነሳት ራሱ ታሪክ ነው። ብቻ ፎቶ አንሺውን ወደ ልጁ አምጡት እንጂ ልጁን ወደ ማያውቀው ክፍል አትጎትቱት። ቤት ወይም ወዳጅነት ፓርክ ሣር ላይ ከእናቱ ጋር ሲጫወት የተነሳ ልጅ ወንበር ላይ ካስገደዱት ልጅ ይሻላል። ለልጆቹ ኬክ ሰጥተው እንዲያበላሹት የሚያደርጉ ስቱዲዮዎችም አሉ፤ ዓመት ካልሞላው ኬኩ ውስጥ ማር አይግባ፣ ለሕፃን አደገኛ ነው።

ስለ ሰዓቱ ከዕድሜው ባልተናነሰ አስቡ። ጡት ወይም ጡጦ ጠግቦ፣ ተኝቶ ተነስቶ መሆን አለበት፤ ለብዙዎቹ ይህ ጠዋት 3 ወይም 4 ሰዓት ላይ ይሆናል። ውጭ ከሆነ የእኩለ ቀን ፀሐይ እኛ ከፍታ ላይ ስለሆንን ከባድ ነው፣ ዓይኑን ያስጨፍነዋል፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ አድርጉት። ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋቱ ይበርዳል፣ ከሰዓቱ ይሻላል። ሰባተኛ ወሩ ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚወድቅ ልጅ ስቱዲዮ ይግባ፣ መስከረምን እየጠበቃችሁ ዕድሜው አይለፋችሁ። መብራት ቢሄድ ጄኔሬተር እንዳላቸው ጠይቁ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊትም ስንት ፎቶ ኤዲት ተደርጎ እንደሚሰጣችሁ፣ ስንቱ እንደሚታጠብ፣ ሶፍት ኮፒውን ሙሉ በሙሉ ትወስዱ እንደሆነ በግልጽ ተነጋገሩ። የልጃችሁ ፎቶ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ እንዲወጣ ካልፈለጋችሁ አስቀድማችሁ ተናገሩ፣ ለማስታወቂያ መለጠፍ የተለመደ ነው። ስልካችሁ ላይ የቀረው ፎቶ ስልኩ ሲጠፋ ይጠፋል፤ ቢያንስ ሁለቱን አሳጥቡ፣ አንዱን ለአያት። ከጀርባውም ዕድሜውን በእጃችሁ ጻፉበት።