ስለ ዋሽንግተን ንትርክ የምንሳሳትባቸው ነገሮች

የአሜሪካን ዜና በከፈታችሁ ቁጥር የምትሰሙት ያው ነው። ሪፐብሊካኑ ዴሞክራቱን ይከሳል፣ ዴሞክራቱ ሪፐብሊካኑን ያወግዛል። ሰው ሰልችቶታል፤ እኔንም ሰልችቶኛል። የከፋው ግን መሰልቸቱ አይደለም። «ሁሉም ያው ናቸው» ብሎ ጀርባ መስጠቱ ነው። እዚያ የሚያደርሱን ደግሞ ደጋግመን የምንላቸው፣ ግን እውነት ያልሆኑ ነገሮች ናቸው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

«በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም»

ይህን የሚል ሐበሻ መጀመሪያ ዲቪን ያስታውስ። ዲቪን ያመጣው የ1990ው የኢሚግሬሽን ሕግ ነው። በሴኔት ሕጉን ይዘው የገፉት ዴሞክራቱ ቴድ ኬኔዲ ናቸው፤ ሪፐብሊካኑ አለን ሲምፕሰን አብረዋቸው ሠርተዋል። ያጸደቀው ዴሞክራቶች የሚበዙበት ኮንግረስ ነበር። የፈረሙት ደግሞ ሪፐብሊካኑ ፕሬዚዳንት፣ አባትየው ጆርጅ ቡሽ። ስንቱ ቤተሰብ ነው በዚህ ስምምነት አሜሪካ የገባው!

በ2003 ደግሞ ፔፕፋር መጣ፤ ለኤድስ መከላከያና ሕክምና በአምስት ዓመት 15 ቢሊዮን ዶላር። ሐሳቡን ያቀረቡት ልጅየው ቡሽ ሲሆኑ ሁለቱም ፓርቲዎች ደግፈውታል። ኢትዮጵያ ከመጀመሪያዎቹ ተጠቃሚ አገሮች አንዷ ነበረች። በዚያ ዘመን ለቅሶ በማይጠፋበት ሰፈር የኖረ ሰው፣ መድኃኒቱ ሲገባ ምን እንደተለወጠ አይረሳውም። ጎረቤት «አለቀላት» ያላት እናት ተነስታ ልጆቿን አሳድጋለች።

በቅርቡም አለ። በ2021 የ1.2 ትሪሊዮን ዶላሩ የመንገድ፣ የድልድይና የውኃ መስመር ሕግ በሴኔት 69 ለ30 ሲያልፍ 19 ሪፐብሊካኖች ድምፃቸውን ሰጥተውታል። እንዲህ ያለው ዜና ግን እንደ ስድቡ አይነፍስም።

«ድሮ ይከባበሩ ነበር»

በ1856 አንድ የደቡብ ካሮላይና የምክር ቤት አባል ሴኔት አዳራሽ ገብቶ ሴናተር ቻርለስ ሰምነርን በከዘራ ደብድቦ አድምቷቸዋል። ጠቡ በባርነት ጉዳይ ነበር። ሰውየው አገግመው በቅጡ ወደ ሥራ ለመመለስ ሦስት ዓመት ገደማ ፈጅቶባቸዋል። ስለዚህ ድሮ ጨዋነት ነበር የሚለው ብዙም አያስኬድም።

የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። በፊት እያንዳንዱ ፓርቲ ውስጥ ሁሉም ዓይነት ሰው ነበር። በ1964 የሲቪል መብቶችን ሕግ በንግግር ብዛት ሊያስቀሩት የታገሉት በአብዛኛው የደቡብ ዴሞክራቶች ነበሩ። ክርክሩን ዘግቶ ሕጉን ለማሳለፍ የሪፐብሊካኑ መሪ ኤቨረት ዴርክሰን ድጋፍ የግድ ሆነ። በመጨረሻ ሕጉ 73 ለ27 ሲያልፍ ከ33ቱ ሪፐብሊካን ሴናተሮች 27ቱ ደግፈውታል። ዛሬ ፓርቲዎቹ በየወገናቸው ጠርተው ተለያይተዋል። በመሀል የሚገኝ ሰው ጠፍቷል።

«ብዙ ወንበር ያለው የፈለገውን ያደርጋል»

አያደርግም። ሴኔት 100 ወንበር አለው። በጀትን የሚመለከቱ አንዳንድ ሕጎችና ሹመቶች በአብላጫ ድምፅ ቢያልፉም፣ አብዛኛው ሕግ ክርክሩን ለመዝጋት 60 ድምፅ ይፈልጋል። ይህ በሕገ መንግሥቱ የተጻፈ አይደለም፣ ሴኔቱ ራሱ ያወጣው ደንብ ነው። ስለዚህ ቢወዱም ባይወዱም ለዓመታዊው የወጪ ሕግ እንኳ ይፈላለጋሉ።

ካልተስማሙ በጀት ስለማይኖር መንግሥት ይዘጋል፤ ብዙ ቢሮ ሥራ ያቆማል፣ ሠራተኛውም ያለ ደመወዝ ይቆያል። በ2018 ማብቂያ የጀመረው መዘጋት 35 ቀን ቆየ። በጥቅምት 2025 የጀመረው ደግሞ 43 ቀን። ይህ ነገር የእኛን ሰው በቀጥታ ነው የሚነካው። በ2019 የወጣው ሕግ የፌዴራል ሠራተኛው ደመወዙን ኋላ እንዲያገኝ ያደርጋል። በኮንትራክተር ተቀጥሮ ቢሮ የሚያጸዳው ወይም በር የሚጠብቀው ግን ይህ ዋስትና የለውም። ከቢሮዎቹ አጠገብ ፓርኪንግ የሚሠራው፣ ታክሲ የሚነዳው፣ ምሳ የምትሸጠው እህት ያጡትን ገቢ የሚመልስላቸው የለም። የቤት ኪራይ ደግሞ ኮንግረስ እስኪታረቅ አይጠብቅም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሚነታረኩት ሰዎች ደመወዛቸው አይቋረጥም፤ ሕገ መንግሥቱ ነው የሚያስከፍላቸው።

«መስማማት ማለት መክዳት ነው»

በ2013 አራት ዴሞክራትና አራት ሪፐብሊካን ሴናተሮች ተቀምጠው አንድ የኢሚግሬሽን ረቂቅ አወጡ። ወረቀት ለሌላቸው ሚሊዮኖች የዜግነት መንገድ ይከፍታል፣ በምላሹ ድንበር ላይ ጥበቃው በጣም ይጠብቃል። ሴኔት 68 ለ32 አሳለፈው። ረቂቁ ግን ዲቪንም የሚያስቀር ነበር። አዎ፣ የኛን ዲቪ። መስማማት እንዲህ ነው፣ የምትወደውን አሳልፈህ የምትሰጥበት ቀን ይመጣል።

ረቂቁ ተወካዮች ምክር ቤት ደረሰና ቆመ። አፈ ጉባኤው ጆን ቤነር ለድምፅ አላቀረቡትም። ደጋፊዎቹ ከሁለቱም ወገን በሚገኝ ድምፅ ያልፍ ነበር ይላሉ። አፈ ጉባኤዎች ግን የራሳቸው ፓርቲ አብላጫ ያልደገፈውን ላለማቅረብ የያዙት ልማድ አለ። ዲቪ ቢቀር አዝን ነበር፣ አልዋሽም። ግን ያኔ ወረቀት አጥቶ የእናቱን ቀብር ለመሄድ ያልቻለውን ሰው ሳስብ፣ ያ ጎዶሎ ሕግ ቢያልፍ ይሻል ነበር ባይ ነኝ።

«እኛ ምን እናመጣለን?»

በሚያዝያ 2018 ስለ ኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብት የቀረበው የውሳኔ ሐሳብ ቁጥር 128 በተወካዮች ምክር ቤት አለፈ። ያቀረቡት የኒው ጀርሲው ሪፐብሊካን ክሪስ ስሚዝ ናቸው፤ ዴሞክራቶችም ስማቸውን አኑረዋል። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባትን የኮሎራዶዋን ኦሮራ ያኔ ይወክሉ የነበሩት ሪፐብሊካኑ ማይክ ኮፍማንም አብረው ተሟግተዋል። የእኛ ሰው የሁለቱንም ፓርቲ ቢሮዎች ሲያንኳኳ፣ ሲደውል ከርሞ ነበር። አስገዳጅ ሕግ አይደለም፤ ግን በሌላው ሁሉ የሚነታረኩ ሰዎች በዚህ አንድ ሆነዋል።

ቁልፉ ያለው ፕራይመሪ ላይ ነው፤ ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበት ምርጫ ማለት ነው። በብዙ የምርጫ ወረዳዎች የትኛው ፓርቲ እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ እውነተኛው ፉክክር የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ነው፤ እዚያ ደግሞ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው። ከወዲያኛው ወገን ጋር የተስማማ ፖለቲከኛ የሚፈራው እነዚያን ጥቂቶች ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ንትርኩ ሰልችቶህ «የየትኛውም ፓርቲ አይደለሁም» ብለህ ከተመዘገብክ፣ በፓርቲዎቹ ፕራይመሪ አትመርጥም። ቨርጂኒያ ውስጥ በፓርቲ መመዝገብ የለም፤ የአንዱን መርጠህ ትገባለህ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ምዝገባችሁን እዩት። ፓርቲ መቀየር በኢንተርኔት ይቻላል፤ ግን ከፕራይመሪው ሳምንታት ቀደም ብሎ ይዘጋል።