የሆት ሮድ መነሻ መኪና ምንድን ነው? ለቀጣዩ ሥራ አሮጌ መኪና ስትመርጡ

ሆት ሮድ ባጭሩ ይሄ ነው። አሮጌ የአሜሪካ መኪና ይወሰዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ የ1920ዎቹ፣ የ30ዎቹ ወይም የ40ዎቹ። ክብደቱ ይቀነሳል፣ ቁመቱ ዝቅ ይላል፣ ከቀድሞው የበለጠ ጉልበት ያለው ሞተር ይገጠምለታል፣ ከዚያ መንገድ ላይ ይወጣል። መነሻ መኪና የምለው ደግሞ ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራበትን፣ ገና ምንም ያልተነካውን ወይም ግማሹ የፈራረሰውን አሮጌ መኪና ነው። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ሞተሩና ስለ ቀለሙ ነው። እኔ ግን የሥራው ግማሽ ዕጣ የሚወሰነው መኪናው የተገዛ ዕለት ነው ባይ ነኝ። መነሻው ከተበላሸ የቱንም ያህል ጎበዝ በያጅ ብትይዙ ገንዘቡም ጊዜውም ዝገት ሲያሳድዱ ያልቃል። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

እድሳት ከሚባለው ጋር አትቀላቅሉት። እድሳት መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣ መመለስ ነው፤ ብሎኑ ሳይቀር የዘመኑ፣ ቀለሙ በዚያ ዓመት ከተሸጡት አንዱ፣ ሞተሩም ያው የራሱ። ሆት ሮድ ላይ ግን ሞተሩ ይወጣል፣ ካምቢዮው ይወጣል፣ ፍሬኑ ይቀየራል፣ የ6 ቮልቱ የኤሌክትሪክ መስመር ተነቅሎ በ12 ቮልት ይተካል፣ ባሌስትራው እንኳ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። እና ይሄ ሁሉ ተነቅሎ የሚወጣ ከሆነ በገንዘባችሁ የምትገዙት ምንድን ነው? ቦዲውን፣ ሻንሲውን እና ወረቀቱን። በቃ። ሻጩ «ሞተሩ አንደኛ ነው፣ አሁን ላስነሳላችሁ» ሲል ደስ አይበላችሁ፤ የሞተሩ ዋጋ መኪናው ዋጋ ውስጥ ገብቷል፣ እናንተ ደግሞ ሞተሩን አትፈልጉትም። ሞተሩ ነክሶ አልዞር ያለ፣ ወንበሩን አይጥ የበላው፣ መስታወቱ የረገፈ፣ ግን ላሜራው ጤነኛ የሆነ መኪና ካገኛችሁ ስለ ዋጋው ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ለሆት ሮድ የሚሆነው እሱ ነው።

በተቃራኒው ሁሉም ነገሩ የተሟላ፣ ማንም ያልነካው፣ የፋብሪካ ቀለሙ ገና ያለበት መኪና ሲያጋጥም መጋዝ ይዞ መቅረብ ይከብደኛል። እንዲህ ያለው መኪና በየዓመቱ ቁጥሩ እየቀነሰ ነው፣ ለሚያድሰው ሰውም ትልቅ ነገር ነው። ለእናንተ ደግሞ ውድ ነው፤ አውጥታችሁ ለምትጥሉት ዕቃ ሁሉ ስለምትከፍሉ። ለአዳሽ ሸጦ ወይም ለውጦ በምትኩ ባዶ ቦዲ መያዝ ሁለቱንም መኪኖች ያተርፋል።

ሆት ሮድ ሲነሳ ፎርድ ለምን እንደሚነሳ ማወቅ ለመምረጥ ይረዳል። ነገሩ ያደገው ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ነው። በ1930ዎቹ ወጣቶች እንደ ሙሮክ ባሉ የደረቁ ሐይቆች ላይ ፍጥነት ይፈትኑ ነበር፤ በ1937 ክለቦቹ ተሰባስበው የደቡብ ካሊፎርኒያ ታይሚንግ ማኅበርን (ኤስሲቲኤን) መሠረቱ። ልጆቹ ገንዘብ የላቸውም። ስለዚህ የሚገዙት በየጥጋጥጉ ተጥሎ የሚገኘውን ነው፣ እሱም ፎርድ ነበር። ሞዴል ቲ ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል። እሱን የተካው ሞዴል ኤ እስከ 1931 ድረስ ወደ 5 ሚሊዮን ተጠጋ። ከዚያ በ1932 ፎርድ ተራው ሰው በሚችለው ዋጋ ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር አወጣ፤ 3.6 ሊትር፣ 65 የፈረስ ጉልበት። ዛሬ ትንሽ ይመስላል። ያኔ ግን ያን ሞተር አውጥቶ ቀላል በሆነው ሞዴል ኤ ላይ ማሰር መኪናውን ሌላ ፍጡር አደረገው፣ የሆት ሮድ መልኩም ከዚያ ወጣ።

የ1932ቱ ፎርድ፣ ዲውስ የሚሉት፣ እስከ ዛሬ የሁሉም ምኞት ነው። ምክንያት አለው። ሞዴል ኤ ላይ ሻንሲውን ከጎን የሚሸፍን ላሜራ አለ፤ የ1932ቱ ላይ የለም፣ የሻንሲው ጎን ራሱ ቅርጽ ወጥቶለት ይታያል። ስለዚህ ፓራፋንጎው ሲወልቅ እንኳ መኪናው ያማረ ነው። ግን ይሄን ሁሉም ያውቃል፣ ዋጋውም ያንኑ ይናገራል። ለሚቀጥለው ሥራ የሚመርጥ ሰው ከጠየቀኝ ሞዴል ኤ ነው የምለው። ብዙ ተሠርቷል፣ ቦዲው ቀላል ነው፣ አዲስ የሚመረት መለዋወጫ እንደ ልብ ይገኛል። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሞዴል ኤ የነዳጅ ታንክ ከክሩስኮቱ ጀርባ፣ ከተሳፋሪው ጉልበት በላይ ነው ያለው። ብዙ ሰው አውጥቶ ወደ ኋላ ይወስደዋል፣ እኔም አውጡት ባይ ነኝ።

የሌሎቹ ፋብሪካዎች መኪና መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። የ30ዎቹ ሸቭሮሌ ውብ ነው፣ ከፎርዱም ብዙ ጊዜ ይረክሳል። የሚረክስበት ምክንያት ግን ውስጡ ነው። እስከ 1936 ድረስ የነበሩት የሸቭሮሌ ቦዲዎች ላሜራቸው የተመታው በእንጨት አጽም ላይ ነው፤ ሙሉ ብረት የሆኑት በ1937 ነው። ከውጭ ስታዩት ብረት ነው፣ ያብረቀርቃል። እንጨቱ ከበሰበሰ ግን በሩ ይወርዳል፣ ጣሪያው ይላወሳል፣ ቦዲውን ከሻንሲው ስታነሱት ሊጣመምባችሁ ይችላል። እንጨቱን እንደገና መሥራት የአናጺ ሥራ ነው፤ ያውም ቀጥ ያለ መስመር የሌለበት። የፎርድ ቦዲም እንጨት አያጣም፣ የጣሪያው መሃል በተለይ፤ ዋናው አጽሙ ግን በአብዛኛው ብረት ነው። ፎርዱ ተወዳጅ የሆነበት አንዱ ትልቅ ምክንያት ይሄ ይመስለኛል።

እሺ፣ መኪናው ፊት ቆማችኋል እንበል። መጀመሪያ በሩን ክፈቱና ጫፉን ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ማጠፊያው ብቻ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ቀላል ነው። ማጠፊያው የታሰረበት ምሰሶ አብሮ የሚነቃነቅ ከሆነ ግን ችግሩ በሩ ላይ አይደለም፣ ከታች ነው። ዝጉትና ዙሪያውን ያለውን ክፍተት ተመልከቱ፤ ከላይ ጠቦ ከታች ከሰፋ ቦዲው መሃሉ ላይ ጎብጦ ወርዷል ማለት ነው። ቀጥሎ ማግኔት። ስስ ጨርቅ ጠቅልሉበትና ላሜራውን አስነኩት፤ ጤነኛ ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ስቱኮ የተጠቀጠቀበት ቦታ ላይ ይላላል ወይም ይወድቃል። የበሩን የታችኛውን ጠርዝ፣ የኋላ ፓራፋንጎ የሚገጠምበትን ዙሪያ፣ ከፊት በር ቀድሞ ያለውን የጎን ላሜራ ታች፣ የኋላውን ሻንጣ ወለል አንድም ሳታስቀሩ ሂዱባቸው። ውሃ የሚተኛው እዚያ ነው፣ ዝገቱም የሚጀምረው ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። አዲስ ቀለም የተቀባ መኪና ላይ በተለይ አትቸኩሉ። እኔን አዲስ ቀለም ከተቀባው ይልቅ የዛገው ያሳምነኛል፤ ቢያንስ ያለውን ያሳያል።

ወለሉ ቢበሰብስ አያስደነግጥም፤ ለታዋቂዎቹ ሞዴሎች ተቆርጦ የተዘጋጀ አዲስ ወለል ይሸጣል። የሚያስደነግጠው ከወለሉ ሥር ቦዲውን ተሸክሞ ሻንሲው ላይ የሚያርፈው ዘንግ ሲበላ ነው፤ እሱ ከሄደ ልኬቱም አብሮ ይሄዳል። ሻንሲውን በሜትር ለኩ። ከፊት ግራ ጥግ እስከ ኋላ ቀኝ፣ ከዚያ በተቃራኒው። ሁለቱ እኩል ካልሆኑ አንድ ቀን ተጋጭቷል። የሻንሲ ስንጥቅ ደግሞ የመሪው ሳጥን የታሰረበት አካባቢና ብሎን የገባባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ፈልጉት።

ፍላትሄድ የሚባለውን የድሮውን የፎርድ ቪ8 ሞተር ማቆየት ለሚፈልግ ሰው አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የዚህ ሞተር ጭስ የሚወጣው በሞኖብሎኩ (ሲሊንደሮቹ ባሉበት የሞተሩ አካል) ውስጥ አልፎ ነው፤ ስለዚህ ሙቀቱ ውሃውን ያፈላዋል፣ በቫልቩ መቀመጫና በሲሊንደሩ መሃል መሰንጠቅም የተለመደ ሕመሙ ነው። ስንጥቁ ሁልጊዜ በዓይን አይታይም። ሞኖብሎኩ ታጥቦ፣ በግፊት ተፈትኖ፣ በማግኔት ዱቄት ስንጥቅ ተፈልጎ ካልሆነ አትክፈሉ። ድምፁን ግን እወደዋለሁ፣ የሚደክምለት ሰው ቢኖር አይገርመኝም።

ሌላ ሞተር የሚገጥም ሰው ቦዲውን ሲመርጥ የሞተሩን ክፍል ርዝመት ያስብ። አብዛኛው ሰው የሚገጥመው ከ1955 ጀምሮ የመጣውን ስሞል ብሎክ የሚባለውን የሸቭሮሌ ቪ8 ወይም ተተኪውን ኤልኤስን ነው። ስሞል ብሎኩ ዲስትሪቢዩተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው ዕቃ) ከኋላ ስለሆነ የሞተሩን ክፍል ከተሳፋሪው የሚለየው ላሜራ ጋር ይጋጫል፤ አጭር ኮፈን ያለው መኪና ላይ ላሜራውን ቆርጦ ማስገባት ግድ ይሆናል። የፎርድ 302 ዲስትሪቢዩተሩ ከፊት ነው፣ እዚያ ላይ ይገላግላል፣ ግን የዘይት ቋቱ ጉድጓድ ከፊት ስለሚገኝ ከታች በኩል የሻንሲውን ግራና ቀኝ ከሚያገናኘው ተሻጋሪ ብረት ጋር ይጣላል። ሁለቱም መፍትሔ አላቸው። ሜትር ይዞ መሄድ ይሻላል ለማለት ነው።

ፍሬኑ ላይ ብዙ አልቆይም። ፎርድ እስከ 1938 ድረስ በዘንግ የሚሠራ ፍሬን ነበረው፣ የዘይቱ የመጣው በ1939 ነው። የቱንም ብትገዙ ትቀይሩታላችሁ፣ ስለዚህ ለምርጫ መስፈርት አይሆንም።

አዲስ ቦዲ መግዛትስ? ይቻላል። የ1932 እና የሞዴል ኤ ሮድስተር (ቋሚ ጣሪያ የሌለው ባለ ሁለት በር) ቦዲ ዛሬም በብረት አዲስ ይሠራል፤ ፋይበርግላስም ሞልቷል። ዝገት የለ፣ ስቱኮ የለ፣ በሩ ልክ ይዘጋል። አንዳንዱ «ይሄማ ሆት ሮድ አይደለም» ይላል፣ እኔ አልስማማም። የበሰበሰ ቦዲ ለማዳን የሚፈሰውን የብየዳ ሰዓት ስታስቡ አዲሱ ብረት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ችግሩ ወረቀቱ ላይ ነው።

ወረቀቱ ማለት የባለቤትነት ሰነዱ፣ እኛ ሊብሬ የምንለው። ሰው በላሜራው ሲደሰት ይሄን ይረሳል። ቁጥሩን ራሳችሁ ፈልጋችሁ አንብቡት። የፎርድ ቁጥር የሚመታው በግራው የሻንሲ ዘንግ የላይኛው ገጽ ላይ ነው፤ ሞዴል ኤ ላይ ቦዲው ሸፍኖት ስለሚቀመጥ ቦዲው ሳይነሳ አይታይም። የሞዴል ኤ ቁጥር ሞተሩም ላይ ስለሚመታ ወረቀት ላይ የሞተር ቁጥር የሰፈረላቸው መኪኖች ብዙ ናቸው። ሞተሩ ከ60 ዓመት በፊት ተቀይሮ ከሆነ የሰነዱ ቁጥር እናንተ ፊት ያለውን መኪና ላይሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ደንቡ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ አንዱ ጋ በቀላሉ የሚመዘገበው ሌላው ጋ ወራት ያስጠብቃል። ቁጥሩና ወረቀቱ ካልተገናኙ ገንዘቡ ኪስ ውስጥ ይቆይ፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል።

በጀቱ ጠበብ ላለ ሰው ሁለት በር የሚባል ነገር ላይ አትሙቱ። ባለ ሁለት በሮቹን ኩፔና ሮድስተር ሁሉም ይፈልጋቸዋል፤ ያው ዓመት፣ ያው ሻንሲ፣ ያው ፊት ያለው ባለ አራት በር ሴዳን ግን በጣም ይረክሳል፣ ቤተሰብም ያስገባል። ፒክአፕም አለ። የ1948 እስከ 1952 ፎርድ ኤፍ-1፣ የ1947 እስከ 1955ቱ ሸቭሮሌ፣ ሁለቱም ሻንሲያቸው ጠንካራ ነው፣ የሞተር ክፍላቸው ሰፊ ነው፣ ቪ8 ሲገባበት ብዙ አያጨናንቅም። እዚያ ላይ የጋቢናውን የኋላ ጥጎች ታች ተመልከቱ፣ መጀመሪያ የሚበሰብሱት እነሱ ናቸው። የጭነቱ ወለል እንጨት ቢበሰብስ ግድ የለም፣ ጣውላ ነው።

ሌላው ሰው ጀምሮት የተወው ሥራም ጥሩ መነሻ ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ጊዜም በርካሽ ይገኛል። መኪናው በየሳጥኑ ተበትኖ ነው የሚመጣው። ሳጥኖቹን ሳታስከፍቱ አትስማሙ። ዕቃውን መሬት ላይ አስዘርጉና ትንንሾቹን ፈልጉ፤ የመስኮት ማንሻው፣ የመስታወቱን ዙሪያ ከውስጥ የሚይዙት ክፈፎች፣ የበር እጀታና መቆለፊያው፣ የኮፈኑ መያዣ፣ የፊት መስታወቱ ፍሬም። ለሞዴል ኤና ለ1932ቱ እነዚህ አዲስ ይገኛሉ። ብዙም ላልተሠራ መኪና ግን አንድ የጎደለ የመስኮት ክፈፍ ለማግኘት ሌላ ሙሉ መኪና እስከ መግዛት የሚደርስ ሰው አለ፣ ስለዚህ የጎደለውን ጻፉና ዋጋው ላይ የምትደራደሩት ያን ዝርዝር ይዛችሁ ይሁን።